የድሬሰር ሽባባው ግራ ፔዳል

ድሬሰር ሽባባው የተገኘው ከጥርባው ቁልቁለት ሥር፣ ቦይ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ቢስክሌቱ ከላዩ ነበረች። ገበሬዎቹ ሲደርሱ የኋላ ጎማዋ ገና ይዞር ነበር ይላሉ። ይቺን እንኳ ጨምረዋታል፤ ሰው ሞት ሲያወራ ትንሽ ካላጣፈጠ አይሆንለትም።

ወሩ ሐምሌ ነው፣ ዓመቱ ሃምሳ ሰባት። መርማሪው ሃምሳ አለቃ ውቤ ከዳንግላ በጭነት መኪና መጣ። አጭር፣ ሆዱ ቀበቶውን የሚያስጨንቅ፣ ቢስክሌት መንዳት የማያውቅ ሰው ነው። ዐይኑ ግን አንድ ነገር ላይ ካረፈ ቶሎ አይነሣም። ከሬሳው መጀመሪያ ያየው እግሩን ነበር።

«የተመታው ራሱን ነው፤ እግሩን ምን ያዩለታል?» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም አድማሴ፣ ጠመንጃውን እንደ ከዘራ ተደግፎ።

«የሚነዳው በእግሩ አይደል እንዴ» አለ ውቤ።

ሟቹ የተጫማው ሸራ ጫማ ነው። በመድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ግን ጥቁር የቆዳ ጫማ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ጭቃ አልነካውም። አድማሴ ሲያየው አፉን በጋቢው ያዘ። ያን ጫማ ከዳንግላ ገዝቶ የሰጠው እሱ ነበር። የቆሰበር ሰው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ «የወንድሙ ጫማ አንሸራቶ ገደለው» እያለ ሲያንሾካሹክ ነው የዋለው።

የቢስክሌቷ ግራ ፔዳል የለም። ውቤ እያለከለከ ቁልቁለቱን ወጣና ዘጠና እርምጃ ላይ ሣር ውስጥ አገኘው። አዲስ፣ ሻካራ የብረት ፔዳል ነው።

«ማን ገጠመለት?»

«ቢሻው ነዋ» አለ አድማሴ። «ቆሰበር ውስጥ ቢስክሌት የሚጠግን ሌላ ማን አለ? እታለማሁን ለትዳር አስጠይቆ አባቷ ለወንድሜ የሰጡበት ቢሻው። እንግዲህ ሃምሳ አለቃ፣ እስከ ሰልስቱ እታገሣለሁ። እስከዚያ መንግሥት ካልፈረደ ወንድሜ ደመኛ እንዳለው እኔም አውቃለሁ።»

ቢሻው ሱቁ ውስጥ ጎማ እየለጠፈ ነበር። ረጅም፣ ጣቶቹ ቅባት የጠጡ ጎልማሳ ነው።

«ይህን አንተ ገጠምህ?»

«ሐሙስ ዕለት። የፊተኛው የላስቲክ ነበር፤ ክረምት ጭቃ ሲነካው ሳሙና ነው የሚሆን። የብረቱ ይሻልሃል፣ ከሸራ ጫማ ጋር ይናከሳል አልሁት። ፔዳሉን እሺ አለ፣ ጫማውን እምቢ። ድሬሰር በሸራ ጫማ ከመጣ ሕመምተኛው መርፌውን አይቀበልም አለኝ።»

«አጥብቀኸዋል?»

«በመፍቻ፣ እስኪበቃው።»

«ታዲያ ማን ፈታው?»

ቢሻው ፔዳሉን ተቀብሎ አገላበጠው። ብሎኑ አንገት ላይ ፒንሳ የነከሰበት ጭረት አለ። ጣቱን በጭረቱ ላይ አስኬደ፣ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ፔዳሉን ቀስ ብሎ መለሰ።

«እኔ እንጃ።»

«ፒንሳህን አምጣ።»

አመጣ። ጥርሱ ከጭረቱ ጋር ልክ ነው።

«ማን ነው የነካው?»

ቢሻው ከዚያ ወዲያ አፉን አልከፈተም። ውቤም አሰረው፤ ግማሹ ስለጠረጠረው፣ ግማሹ ደግሞ አድማሴ እንዳይደርስበት ነው።

እታለማሁ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። ገና ሃያ ዓመቷ ነው። ጎረቤቷ የሻረግ አጠገቧ ሆና በአገውኛ ታባብላታለች።

«ተጣልተን ነው የወጣ» አለች እታለማሁ። «ሸራውን አድርግ፣ በዝናብ ቆዳው ይጥልሃል ብዬ ለመንሁት። በቆዳው ሄደ። ዞር ብሎም አላየኝ።»

«የተገኘው ሸራውን አድርጎ ነው፣ እኅቴ።»

ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ከአጥሩ ኋላ ቀይሮ ነዋ» አለች። «ኩራተኛ። ለእኔ የተሸነፈ እንዳይመስልበት።» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ልቅሶ ቀደመው።

ውቤ እስክትረጋጋ ጠበቃት። «ፔዳሉ ላልቶ ነበር?»

«ሲወጣ አልላላም። ዋዜማውን ፔዳሉ ሲያንኳኳ ሰማሁትና ከቢሻው ፒንሳ ተውሼ ሁለቱንም በእጄ አጠበቅሁለት። ቀኙ ትንሽ ዞሮ እምቢ አለ። ግራው ግን ላልቶ ኖሮ ዞረልኝ፤ ክንዴ እስኪዝል አጠበቅሁት። ከእኔ በኋላ የፈታው ሰው አለ፣ ሃምሳ አለቃ። ፒንሳውን የመለስሁት ለቢሻው ነው። ሌላ ምን ልበል?»

በሩ ላይ የቆመው አድማሴ ይህን ሰማ። ጠመንጃውን አጉርሶ ወጣ።

ውቤ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ተመልሶ ከቢስክሌቷ ጋር ሲታገል ዋለ። ፔዳሉን ሊገጥም ይሞክራል፣ ያመልጠዋል፣ ይሳደባል። የሚያየው ፖሊስ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ድንገት ስድቡ ቆመ። ሃምሳ አለቃው በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ዝናቡ ጉልበቱን ሲመታው እግሩን እንኳ አልሰበሰበም። ከዚያ ተነሥቶ ቢሻው ወደ ታሰረበት ክፍል ገባ።

«ፔዳሉን እጅህ ላይ ሳደርግልህ ነው ያወቅኸው።»

ቢሻው አንገቱን ደፋ።

«ያ ሰውዬ ይገድልሃል እኮ።»

«ይግደለኝ። እኔ ከተናገርሁ የምትሞት ሌላ ሰው አለች። ይተዉት፣ ጌታዬ። እባክዎ።»

ውቤ እንቅልፍ አልወሰደውም። ዝም ቢል ያላጠፋውን ሰው ያስገድላል። ቢናገር ምን እንደሚያደርስባት ደግሞ መሬት ላይ የተቀመጠችው ሴት ፊት እየመጣ ይነግረዋል።

በሰልስቱ ዕለት ቢስክሌቷን የልቅሶው ድንኳን መሐል አቆማት። እታለማሁ፣ የሻረግ፣ የሟቹ የነፍስ አባት፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋደመው አድማሴ፣ በሁለት ፖሊስ መሐል ቢሻው፣ ሁሉም አሉ።

«አድማሴ፣ ከአንተ ልጀምር» አለ ውቤ። «ወንድምህ ያደረገው ሸራውን ነው። የሸራው ሶል ላይ የብረቱ ፔዳል ንክሻ በደንብ ታትሟል፤ እግሩ አላንሸራተተውም። ስጦታህ አልገደለውም።»

አድማሴ ትንፋሹን ለቀቀ። «እሱንስ ተወው። ፔዳሉን ንገረኝ።»

«ፔዳሉ አልተሰበረም፤ ብሎኑ ደህና ነው። ተፈትቶ ነው የወጣው፣ በፒንሳ። ግን ቀኙን እዩት። የዚያው ፒንሳ ጭረት አለበት፣ ደግሞም በጣም ከመጥበቁ የተነሣ የእኔ ፖሊስ ሊፈታው አልቻለም። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ቀኙን ምን ብሎ ያጠብቃል?»

አድማሴ አንገቱን ወደ ቀኙ ፔዳል አሰገገ።

«ግራው ላይ ያለው ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የተጎተተው። አንድ እጅ ነክቶታል፣ ሁለተኛ ሰው አልመጣም።»

«ያጠበቀችው እሷ፣ የፈታችውም እሷ ልትለኝ ነው?» አለ አድማሴ።

ውቤ ፔዳሉን ሰጠው። «ግጠመውና አጥብቀው።»

አድማሴ ወደ ቀኝ አዞረ። አልያዘለትም። ውቤ ለነፍስ አባቱ አቀበለ፤ ወደ ቀኝ አዞሩ። ለሽማግሌዎቹ አቀበለ፣ ለየሻረግ አቀበለ። እጅ ሁሉ ወደ ቀኝ ሄደ። አንድም ሰው ወደ ግራ አላዞረም።

«የሠሩት ሰዎች ነጂው ሲረግጠው እንዳይላላ ግራውን ወደ ግራ እንዲጠብቅ አድርገውታል» አለ ውቤ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ሁላችሁም አጠበቅሁ ብላችሁ ፈታችሁት። እኔም እንደዚሁ ነበር ያደረግሁት። እዚህ ካለነው ይህን የሚያውቅ ቢሻው ብቻ ነው። አውቆም ሊሞት ዝም አለ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ቢሻው። «ፒንሳውን ስሰጣት ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔን ጻፉኝ።»

አድማሴ ጥይቱን ከጠመንጃው አውጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ማንን እንደሚጠላ ጠፋበት።

እታለማሁ ተነሣች። ፔዳሉን ከየሻረግ እጅ ወስዳ ቀዳዳው ላይ አደረገችና ወደ ቀኝ ልታዞር ጀመረች። ቆመች። ወደ ግራ አዞረችው። ድምፅ ሳያሰማ ገባላት።

«እንዲህ ነበር?» አለች ቢሻውን እያየች።

«እንዲህ ነበር።»

መልሳ ፈታችው። ደግማ ገጠመችው። ደግማ ፈታችው። ከእጇ ላይ ሊወስድባት የደፈረ አልነበረም።