ሕሊና የቆጠረቻቸው ባጃጆች

የፍኖተ ሰላም ምክር ቤት ውሳኔ ሲነበብ ሕሊና ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በከተማው የሚሠሩት የኤሌክትሪክ ባጃጆች ብቻ ናቸው፤ የቤንዚኖቹ ፈቃድ አይታደስም። የባጃጆቹን ጭስ ለቢሮዋ ያጠናችው እሷ ስለሆነች ኃላፊዋ ስሟን ጠርቶ አመሰገናት። ቀና ብላ ማየት አቃታት።

የባጃጅ ሾፌሩን ይታገሱን ያገኘችው በዚያው ጥናት ነው። በጥቅምት ባጃጆቹን ለመቁጠር ስትነሳ ቢሮው መኪና ስለከለከላት የእሱን ባጃጅ ያዘች። ሦስት ቀን ከመናኸሪያ እስከ ማንኩሳ መውጫ ሲያዞራት አብሯት ቆጠረ። በመጨረሻም፣ «የኔን ረስተሻል፤ ጻፊያት እንጂ» አላት። እየሳቀች ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቢሮ የሚያደርሳት እሱ ሆነ፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም የሚያዞርበት ሰበብ አያጣም ነበር።

ጥናቱ ምን እንደሚያመጣ ግን አልነገረችውም። መጀመሪያ ለውጡ ቀስ ብሎ የሚመጣ መስሏት ነበር። ሦስት ወር ብቻ እንደሚሰጥ ስትሰማ ደግሞ ይታገሱ እሷን ለማግባት የሚልካቸው ሽማግሌዎች አባቷ ቤት የሚመጡበት እሑድ ቀርቦ ነበር፤ ያን ቀን ላለማደፍረስ ዝም አለች። ፍቅር ሰውን ደፋር ያደርጋል የሚሉ ሕሊናን አላዩም።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ባዬ ነበሩ። ውሳኔው በተሰማ ማግስት ሾፌሮቹ፣ አብሯት እየዞረ ያስቆጠረን እሱ ነው ብለው ይታገሱን ከተሳፋሪ መጫኛ ተራቸው አስወጡት።

ማታ ከቢሮዋ በር ጠበቃት።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የባጃጁን ሞተር አጠፋ።

«ጭሱስ እውነት ነው፤ እኔም ስውጠው ነው የምውለው። ብትነግሪኝ ከሁሉም ቀድሜ እለውጥ ነበር። የከፋኝ፣ በየጠዋቱ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ዝም ማለትሽ ነው።»

«እሑድስ?»

«ጋሽ ባዬ አልሄድም ብለዋል። እኔም ኑልኝ እያልኩ የምለምነው ሌላ ሽማግሌ የለኝም።»

ቅዳሜ ሕሊና ሾፌሮቹ ከሚሰለፉበት ሄዳ ይታገሱ ምንም እንደማያውቅ፣ የደበቀችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ጋሽ ባዬ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«እሱን ወደ ተራው እንመልሰዋለን» አሏት። «እኛን ግን በደጅሽ አትጠብቂን።»

ይህን ለአባቷ መናገር አልቻለችም። እሑድ አባቷ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከወንድሞቻቸው ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ። ሕሊና ድምፁን ከየጠዋቱ የምታውቀው አንድ ባጃጅ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ሁሉም ተስተካክለው ተቀመጡ። ሞተሩ ሳይጠፋ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ሄደ።

«ቤቱ ጠፍቷቸው ይሆን?» አሉ አባቷ።

«አይ አባዬ፣ ቤቱንስ ያውቀዋል» አለችና ለእንግዶቹ የተደረደሩትን ወንበሮች ማንሳት ጀመረች።