የጎደለው ሠላሳ ሜትር

መሬት ቀያሿ ሉባባ ላፕቶፑን የላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ አሳርፋ የመጨረሻውን ማዕዘንና ርቀት ኤክሴል ውስጥ አስገባች። ከአንድ ድንጋይ ተነስተው፣ የጎልቦን ግጦሽ ከችካል ችካል እየለኩ ዞረው፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተመልሰዋል። ሰንጠረዡ ግን አልተመለሳችሁም አላት። በስሌቱ መሠረት የቆሙት ከመነሻቸው ሠላሳ ሜትር ወደ ምዕራብ ርቀው ነበር።

«ለሁሉም መስመር ትንሽ ትንሽ አካፍይውና ወደ ሞያሌ እንግባ» አለ ሾፌሩ መሐዲ። ሜትሩን ከእሷ ጋር የሚይዘውም እሱ ነው። «ሰማዩን አታዪም?»

«የሚካፈለው ትንሽ ስህተት ነው። ሠላሳ ሜትር የሜትራችን ሙሉ ርዝመት ነው መሐዲ። አንዴ ዘርግተን ሳንቆጥር ቀርተናል።»

ወደ ምሥራቅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ሉጋ ከሚሉት ደረቅ ወንዝ ማዶ ያለው። ሲለኩት አሸዋ የያዘ ነፋስ ዓይናቸውን ጋርዶት፣ ድምፃቸውንም እየነጠቀ ይወስደው ነበር።

ባለፈው በጋ በዚህ ግጦሽ ላይ ሁለት መንደሮች ደም ተፋሰዋል። በስንት ሽምግልና ታርቀው መሬቱ በስፋቱ እኩል እንዲከፈል ተስማሙ። መንገድ መሪያቸው ኦቦ ጉራቻ የምሥራቁ መንደር ሽማግሌ ናቸው። ሉባባ ልትደብቃቸው አልፈለገችም።

«ኦቦ፣ ስህተቱ እዚያ ከሆነ መሬቱ በምሥራቅ በኩል ይሰፋል። የሚከፍለው ወሰንም ወደ እናንተ ይገፋል። መሃል ያለው የውሃ ጉድጓድ ለምዕራቦቹ ይሆናል።»

ሽማግሌው አድማሱን አዩ። ከዚያ ሽርጣቸውን ሸብ አደረጉና በትራቸውን አነሱ።

«መንገዱን ያለ እኔ አታውቁትም» አሉ።

መኪናው ሉጋውን ስለማይሻገር ሜትሩን ተሸክመው በእግር ገቡበት። አሸዋው ደረቅ ነበር፤ ነገር ግን መሃል ሲደርሱ ከሰሜኑ ደጋ በኩል የከባድ መኪኖች ሰልፍ የመሰለ ጉርምርምታ መጣ።

«ሩጡ!» ጮኹ ጉራቻ።

ቀዩ ጎርፍ ግንድና እሾህ እያንከባለለ ደረሰ። ሉባባ የማዶውን ዳገት በእጇ ቧጥጣ ወጣች። መሐዲ ግን ተንሸራተተና ውሃው እስከ ደረቱ ዋጠው። ጉራቻ በሆዳቸው ተኝተው በትራቸውን ዘረጉለት፤ ሉባባ የሽማግሌውን እግር ጨብጣ ወደ ኋላ ሳበች። መሐዲ ጭቃ እየተፋ ወጣ። ሜትሩ አሁንም ትከሻው ላይ ነበር።

ከቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ የገደለችውን የግመል ግልገል የረገጠች አንበሳ ቀና አለች። ሉባባ ለመሮጥ ዞር ማለት ጀመረች።

«ጀርባሽን አትስጫት፣ ልጄ» አሉ ጉራቻ በሹክሹክታ። «ግዳይዋን እንዳልፈለግንባት ትወቅ።»

ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ እሾሁ ልብሳቸውን እየቀደደው፣ በጎን በጎን ሸሹ። አንበሳዋ ጅራቷን መሬት ላይ አንዴ መታች፤ አልተከተለቻቸውም።

ችካሉ ጋ ሲደርሱ አንድ ወጣት ጠመንጃ ደግኖ ጠበቃቸው። የምዕራቡ መንደር ሰው ነው፤ ቦኩ ይባላል። ወንድሙ የሞተው በዚያ ግጭት ነበር።

«ለክታችሁ ጨርሳችሁ የለም? አሁን ደግሞ ከጠላቴ ጋር ተመልሰሽ ምን ልትሰርቂ ነው?» አለ የሞያሌ የከብት ገበያ ባስተማረው አማርኛ።

ሉባባ ሜትሩን ከመሐዲ ተቀበለችና ጫፉን ዘረጋችለት።

«ተሳስቼ ነው የተመለስኩት። አንተ ያዘው፣ አንተው ቁጠር።»

ወጣቱ ብዙ አመነታ። በመጨረሻ ጠመንጃውን አንግቶ ጫፉን ያዘ። ሌላውን ጫፍ ጉራቻ አነሱ። ሁለቱ አንዱን የብረት ሜትር ወጥረው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ከችካል እስከ ችካል ሄዱ። ቦኩ በኦሮምኛ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ከተመዘገበው በአንድ ዝርጋታ በለጠ።

ውሃው እስኪጎድል ዳገቱ ላይ ሲጠብቁ ሉባባ ጠየቀች፤ «ጫፉን ከምልክቱ አሳልፈው ቢይዙት ማን ያይዎት ነበር፣ ኦቦ?»

«ማንም።» ሽማግሌው የሚወርደውን ጎርፍ አዩ። «ዛሬ ባሳልፈው ነገ ልጆቻችን በጥይት ይመልሱታል።»

ሉጋው ሲጎድል ተሻገሩ። ሉባባ ቁጥሩን አስተካከለች፤ መስመሩ ከአንድ ክንድ ባነሰ ልዩነት ገጠመ። ኤክሴሉ ስፋቱን አወጣ፣ እሷም ለሁለት ከፈለችው። አዲሱ ወሰን ከጉድጓዱ በስተምሥራቅ አለፈ።

ወሰኑ በተተከለ ማግስት ጉራቻ የተጠሙ ግመሎቻቸውን ነድተው መጡና ከችካሉ ወዲያ ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን ሳይጠይቁ ያጠጡበት ውሃ ነው። አሁን በትራቸውን ተደግፈው ፈቃድ ጠበቁ። የምዕራቡ ሰዎች ቦኩን አዩት። ቦኩ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደና የመጀመሪያውን ባልዲ ወደ ላይ አቀበለ።

እስከዚያ ቀን ለሉባባ ቁጥሩ ሲገጥም ሥራው ያልቅ ነበር። መሐዲ የመኪናውን ሞተር አስነስቶ ጥሩምባ ነፋላት። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ፣ ባልዲ ከሚቀባበሉት ሰዎች መሃል ገብታ እጆቿን ዘረጋች።