አማቴ በጆሯቸው የመረጡት የእንጨት ዓሣ

እኔ ጠንቋይ ቤት ቀርቶ የሕልም ፍቺ እንኳን የማልሰማ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ሜሮን «ዓይኔ እየተርገበገበ ነው፣ እንግዳ ሊመጣ ነው» ስትል «እንቅልፍ ስላጣሽ ነው» ብዬ የማሾፍ፣ እዚህ በሰው አገር ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ስቆርጥ ውዬ ማታ ኖርክሮስ ገብቼ የምተኛ ተራ ሰው። ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ «ይሄ ሰውዬስ ነካ አድርጎታል» ብትል አልቀየምህም፣ እኔም ብሆን እንደዛው ነበር የምለው።

ነገሩ የሆነው ሴት ልጃችን በተወለደች በሁለተኛው ወር ነው። የሜሮን እናት ከዛ በፊት አርፈው ስለነበር አራሷን ሊጠይቁ ከዝዋይ የመጡት አባቷ፣ አባባ ዘውዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን መረቡንም ጀልባውንም ትተዋል። እኛ ቤትም መስኮት ስር ተቀምጠው የቆሙ መኪናዎች ሲያዩ ይውላሉ፣ ምግብ ሲቀርብ «በቃኝ»፣ ልጅቷን ይቀፏት ሲባሉ «እጄ ሻካራ ነው፣ ኋላ» ይላሉ። ጭራሽ በዛ ሰሞን «ቲኬቴን ቀይሩልኝና ልሂድ» አሉ። ልጅቷ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ሜሮን ሻወር ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ታለቅሳለች፣ «ሳያቅፋት ሊሄድ ነው» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ሚስቴ ስታለቅስ የምገባበት ይጠፋኛል።

አንድ ቀን ታዲያ ስኔልቪል ጋራዥ ሴል ላይ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ በሚሸጥበት፣ የገዛሁትን የዓሣ ማጥመጃ ሳጥን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። የሞተ ሰው ዕቃ ነው፣ የሸጠችልኝ ሚስቱ ናት። ውስጡ ሉር ሞልቶታል፣ ሉር ማለት መንጠቆ የተንጠለጠለበት የውሸት ዓሣ ነው። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ዞሩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እዚህ ከተማው አጠገብ ባለው ወንዝ ውስጥ ፍላትሄድ የሚባል አምባዛ አለ አባባ፣ ጭንቅላቱ እንደ አካፋ ጠፍጣፋ የሆነ። የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚወደው አሉኝ፣ በዚህ ነው የሚታለለው።»

«በፕላስቲክ?» አሉና ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ያለው ሰውዬ የነገረኝን አንድም ሳላስቀር አነበነብኩላቸው፣ ውሃው ሲደፈርስ ጥቁር፣ ሲጠራ ነጭ፣ መሬቱን እየታከከ ቀስ ብሎ መጎተት አለበት፣ ምናምን። እሳቸው አልሰሙኝም። እያንዳንዱን ሉር እያነሱ ጆሯቸው ስር ይነቀንቁታል። አንዳንዱ ውስጡ ትንንሽ ብረት ስላለው ክሽክሽ ይላል።

«አምባዛ ዓይኑ ደካማ ነው» አሉኝ። «በገላው ነው የሚሰማው። እኛ በመቅዘፊያ ውሃውን መታ መታ እያደረግን ነበር የምንጠራው።»

መጨረሻ ላይ ቀለሙ የተላላጠ፣ አንድ ዓይኑ የወለቀ የእንጨት ሉር አነሱ፣ ነቀነቁት፣ ከዛ መነቅነቁን ትተው ጆሯቸው ላይ እንደያዙት ቆዩ። «ይሄኛው ነው» አሉ። ተቀብዬ ብነቀንቀው ምንም ድምፅ የለውም፣ ድፍን እንጨት ነው። የሽማግሌ ጆሮ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ከከተማው በታች ወዳለው ቻታሁቺ ወንዝ ወሰድኳቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቷት ነበር። እልኸኛ ስለሆንኩ የራሴን ምርጫ አስቀደምኩ፣ መጀመሪያ ጭራ ያለው የጎማ፣ ቀጥሎ ጥቁሩን። ምንም የለም። ሦስተኛውን ሳስር ድንጋይ ላይ ካስቀመጥኩት ከተዘጋው ሳጥን ውስጥ ቷ... ቷ... የሚል ሰማሁ። ከፈትኩት፣ ሁሉም ዝም ብሎ ተኝቷል። ዘጋሁት፣ ቷ... ቷ።

አባባ ዞር እንኳን ሳይሉ «ነገርኩህ እኮ» አሉኝ።

እመነኝ፣ የእንጨቱን ሉር አውጥቼ ሳስረው ጣቶቼ መሃል ሊፈለፈል እንደደረሰ ጫጩት ከውስጥ መታ መታ ያደርጋል። የማጥመጃ ዘንጉን ሰጠኋቸው። በሁለተኛው ውርወራ፣ ወንዙ ውስጥ የወደቀ ትልቅ ግንድ አጠገብ፣ ዘንጉ ጎበጠ። «ወገቤን ያዘኝ» አሉኝ፣ እኔም የሚስቴን አባት ወገብ አቅፌ ጭቃ ውስጥ ስንደናቀፍ ቆየን፣ ያየን ሰው ምን እንደሚል እንጃ።

አምባዛው ዳር ሲደርስ የልጅ አልጋ ያክላል። መንጠቆውን ልፈታ ጎንበስ ብል መንጠቆው የትም አልወጋውም። ሉሩን አፉ ውስጥ ገጥሞ ይዞት ነው የመጣው። አባባ ጭንቅላቱን ዳበስ ሲያደርጉት አፉን ከፍቶ ለቀቀላቸው። መታ መታውም ያኔ ቆመ።

«ቅርፊት የለውም፣ አንበላውም፣ በል ሂድ» አሉትና ሳቁ። እኛ ቤት ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

ቤት እንደገባን እጃቸውን ሦስቴ ታጥበው «አምጧት» አሉ። በዛ ሻካራ እጃቸው ልጅቷን አቅፈው እንቅልፍ እስኪወስዳት አልሰጡንም፣ ሜሮን በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፣ ይሄኛው ግን ሌላ ለቅሶ ነው። ለክርስትናዋ ቀርቶ ከዛ በኋላም ሁለት ወር ቆዩልን። ዝዋይ ሲመለሱ ደግሞ ጀልባቸውን አስጠግነው ሐይቅ ወረዱ። ከዛ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ፣ ደስ ብሎናል።

ሉሩን ግን አላመንኩትም። እሳቸው ሲሄዱ በቀጭን ድሪል ከአፉ እስከ ጭራው በሳሁት፣ የወጣው እንጨት ብቻ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩት፣ ዓመት ሙሉ ድምፅ አላሰማም።

ዛሬ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ በስልክ ካርድ ደወልኩላቸው። ስለ ልጅቷ መራመድ ስናወራ ከድምፃቸው ኋላ ቷ... ቷ... ይላል።

«አባባ፣ እዛ ምንድነው የሚንኳኳው?»

«እኔ እኮ አንተ ጋ መስሎኝ ነው። ከደወልክ ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ ሉሩን ይዘህ ነው ብዬ።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን አወረድኩ። ሉሩ አለ። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፣ ዝም ብሏል። ስልኩ ያለበት ጆሮዬ ግን አሁንም ቷ... ቷ... ይሰማል፣ ውሃውን በመቅዘፊያ መታ መታ እያደረጉ አምባዛ ይጠሩ እንደነበር ትዝ አለኝ፣ አሁን ግን ሐይቁ እሳቸውን እየጠራ መሰለኝ።

«አባባ፣ ነገ ጠዋት ሐይቅ ባይወርዱስ?» አልኳቸው።

«እንዴ፣ ጀልባው እኮ ተዘጋጅቷል» አሉኝ፣ ድምፃቸው ደስ ብሎታል። ለሜሮን እስካሁን አልነገርኳትም።