የማሽላው ማሳ አውጫጭኝ

ቀኛዝማች ጉልላት ከሻንቶ በላይ ባለው የማሽላ ማሳቸው ዳር በጎናቸው ወድቀው ተገኙ። ከጆሯቸው በላይ አጥንቱ ገብቷል፤ አጠገባቸው አንድ ጥቁር ድንጋይ ደም ለብሶ ተቀምጧል። ከአስከሬኑ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ማማ አለ። በማማው ሥር ወፍ ጠባቂው ቦልቴ ወንጭፉን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ጥቅምት 1926 ዓ.ም. ነበር። አገሬው ለአውጫጭኝ ተጠራ፤ ገዳዩ እስኪወጣ ድረስ ከተሰበሰበበት የእሾህ አጥር ውስጥ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሁለት ቀን ሙሉ ሕፃናት በውሃ ጥም አለቀሱ። ፍርሃት እንደ እከክ ይጋባልና በሁለተኛው ቀን የቦልቴ ጎረቤቶች እንኳ «እሱ ይሆናል» ማለት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፤ የፈራ ሰው ወደ ቤቱ መግባት ብቻ ነው የሚፈልገው። ቦልቴ በማግስቱ ሶዶ ገበያ መሐል እንደሚሰቀል ተወራ።

ከሶዶ የመጡት መርማሪ ዳኛ ባላምባራስ ሀብተየስ አጭር ሸበቶ ናቸው፤ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን ያያሉ። መጀመሪያ ያነጋገሩት ቦልቴን ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ወፍ ነው የማባርረው። ጦሳ ያውቃል፣ አምላካችን ያውቃል። ከማማው ሆኜ ምንም አላየሁም፤ ማሽላው ረጅም ነው።»

«በምን ትወነጭፋለህ?»

ቦልቴ ቅርጫቱን አመለከተ። በፀሐይ የደረቁ የጭቃ ድብልብሎች ሞልተውታል። ባላምባራስ አንዱን አነሡና መሬት ላይ አፈረጡት፤ ብትንትን አለ። ጥቁሩን ድንጋይ ደግሞ አገላብጠው አዩት። እንዲህ ያለ የለሰለሰ ድንጋይ በዚያ ቀይ አፈር ላይ የለም፤ የሚገኘው ከታች ከወንዙ ነው።

ቀጥሎ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሳህሊቱ ቀረቡ።

«ቀኛዝማች ከማን ጋር ተቀያይመው ነበር?»

«እሑድ ለት ርስቱን ለልጃችን ለጥሩወርቅ እንደሚያወርሱ ተናገሩ። የወንድማቸው ልጅ ብሩ ሰምቶ ምግቡን ትቶ ወጣ። ግን ባላምባራስ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እዚሁ እጄ ላይ ነው ያደገው» አሉና አለቀሱ።

ብሩ ብቸኛው የዐይን ምስክር ነበር። ኩታውን አጣፍቶ፣ አንዱን ጫፍ ብብቱ ሥር ወትፎ ቆመ።

«የት ሆነህ አየህ?»

«እዚያ እንሰቱ ዳር፣ ከቦልቴ በስተግራ። አጎቴ ሥራ ፈታህ ብለው ተቆጡት። እሱም ከማማው ወርዶ ወንጭፉን አዞረ፣ አዞረና ገመዱ ልክ ወደ አጎቴ ሲዘረጋ ለቀቀው። በእነዚህ ዐይኖቼ ነው ያየሁት!»

«ልክ ወደ እሳቸው ሲዘረጋ?»

«አዎን። ታዲያ ወዴት ሊዘረጋ ኖሯል?»

ባላምባራስ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ሕዝቡን አውጡ፤ ሁሉም ከማማው በስተቀኝ ይቁም። በግራ በኩል ሕፃን እንኳ እንዳይቀር» ብለው አዘዙ።

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ባላምባራስ ራሳቸው ሄደው ሟች ከወደቁበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«ብሩ፣ ወንጭፉን ውሰድ። ቦልቴ አደረገ እንዳልከው አድርግ። አዙረውና ገመዱ ወደ እኔ ሲዘረጋ ልቀቀው።»

«ባላምባራስ! ቢመታዎትስ?»

«ያየኸውን አድርግ ነው የምልህ።»

ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ። ብሩ ድብልብሉን ለወንጭፉ አጎረሰው። አዞረ። ገመዱ አፏጨ። ዐይኑ ከሽማግሌው ግንባር ላይ አልተነቀለም፤ ያኔ ሰው ሁሉ ከልቡ ሊመታቸው እንደሆነ ገባው። ጩኸት ተነሣ። ገመዱ ወደ ባላምባራስ ሲዘረጋ ለቀቀ።

ድብልብሉ ወደ ግራ በረረና የእንሰቱን ቅጠል ቀዶ ገባ።

ባላምባራስ ቀስ ብለው መጡ። «ልጅ ብሩ፣ እኔ ቡልጋ ያደግሁት ማማ ላይ ነው። በክብ የሚዞር ነገር ሲለቁት ገመዱ ወዳመለከተበት አይሄድም፤ በዚያች ቅጽበት ይሮጥበት በነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። ፊት ለፊትህ ያለን ሰው ለመምታት ገመዱ በጎንህ ሳለ መልቀቅ አለብህ። ይህን እዚህ ያሉት ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። አንተ ግን ወፍ መጠበቅ ነውር ነው ተብለህ ያደግህ የጌታ ልጅ ነህ። አየሁ ያልከው እውነት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንቀብረው አንተን ነበር፤ ድንጋዩ የሚመጣው አንተ ወደ ቆምክበት እንሰት ነዋ!»

«ተሳስቼ ይሆናል እንጂ…»

«ውሸትህ ብቻውን ገዳይ አያደርግህም። ድንጋዩ ግን የወንዝ ነው፤ የተወረወረ ሳይሆን ታስቦበት የመጣ ነው። በኩታ ጫፍ ተቋጥሮ የተወዛወዘ ድንጋይ አጥንት ይሰብራል፤ ጫፉንም ደም ያለብሰዋል። አንተም አንዱን ጫፍ ብብትህ ሥር ደብቀሃል፤ እስቲ ኩታህን ዘርጋው።»

ብሩ ኩታውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሁለት ሰዎች ኩታውን ገፈው ዘረጉት፤ ብብቱ ሥር የነበረው ማዕዘን በቢላ ተቆርጧል። ወይዘሮ ሳህሊቱ «አሳደግኩህ እኮ!» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ብሩ ሊሮጥ ሞከረ፤ አገሬው ያዘው።

«አጎቴ ናቸው ከርስቱ የነቀሉኝ!» እያለ ጮኸ። «ቤቱ ቤቴ ነበር!»

የእሾህ አጥሩ ተከፍቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ቦልቴ ብቻ ቀረ። ባላምባራስ ማማው ሥር ቁጭ ብለዋል።

«ጌታዬ» አለ ቦልቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያልለመደ እጅ አንዳንድ ጊዜ ሳያስበው ቀድሞ ይለቃል። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢለቅ ኖሮ መትቶ ይገድልዎት ነበር። እኔንም ይሰቅሉኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ባላምባራስ። «እጅህን ስጠኝ፣ ወንድሜ፤ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል።»