አርባ ሺህ

የንግግሯ ሦስተኛ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር እሷ የጻፈችው እንዳልሆነ ለልጅቷ የገባት ጮክ ብላ ካነበበችው በኋላ ነው።

«አገሬ አራት ሚሊዮን ስደተኞች ተቀብላለች።»

የትምህርት ቤቱ የዲፕሎማሲ ክበብ አባላት የየተመደቡበትን አገር ስም ጠረጴዛ ላይ አቁመው ተቀምጠዋል። የጎረቤት አገር አምባሳደር የሆነችው የልብ ጓደኛዋ እጇን አወጣች።

«የተከበሩ ሰብሳቢ፣ አምባሳደሯ ከሕዝባቸው የሚበልጥ ስደተኛ የት አስቀመጡት? ኪሳቸው ውስጥ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጽሑፉን «አንቺ ተኚ፣ እኔ እተይብልሻለሁ» ብላ የወሰደችው ይህችው ጓደኛዋ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም «ሚሊዮን» ሆኖ ቀረ።

ሳምንቱን ሙሉ ቂሟን ስታላምጥ ከረመች። ነገ የበቀል ቀኗ ነው። ጓደኛዋ «ስደተኞቹን ሁለቱ አገሮች ይጋሯቸው» ብላ ባቀረበችው ሐሳብ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ለማለፍ ስምንት ድምፅ ያስፈልጋል፤ ጓደኛዋ ያላት ሰባት ነው። ስምንተኛው በ«ሚሊዮን» እጅ ነው።

«አፈር ድሜ አስግጣታለሁ!» አለች ማታ፣ የነገ ሸሚዟን እየተኮሰች።

«ቀስ በይ፣ ቤቱን እንዳታቃጥዪው» አለች እናቷ። «እነዚያ ሰዎችስ?»

«የትኞቹ?»

«አርባ ሺዎቹ። ሐሳቡ ከወደቀ የት ሊያድሩ ነው? ዝናብ ቢመጣስ? መቼም መሃላቸው አራስ አይጠፋም።»

«እማዬ! የጨዋታ ናቸው እኮ። የሉም!»

«ይሁን። ግን ‹ለእነሱ የምናገረው እኔ ነኝ› አላልሽኝም?»

ልጅቷ መተኮሻውን አቆመችው። ደብተሯን ስትገልጥ ቁጥሩ በገዛ እጇ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ አለ፦ አርባ ሺህ። በክበቡ ደንብ ማንኛውም አገር ማሻሻያ ማስገባት ይችላል፤ ማሻሻያውን ተቀብላ ቆማ የምታነበው ደግሞ ሐሳቡን ያቀረበችው ናት።

እስክሪብቶ አነሳች። «ሐሳቡን እደግፋለሁ። መጀመሪያው ላይ ግን ይህ ይግባ፦ ‹የስደተኞቹ ቁጥር አርባ ሺህ ነው። አራት ሚሊዮን ብዬ የተየብኩት እኔ ነኝ።›»

ጓደኛዋ ይህን በገዛ አፏ፣ አዳራሹ ፊት ስታነበው ታያት። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ወረቀቱን ከደብተሯ ገንጥላ፣ አጥፋ ሸሚዟ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

እናቷ እንደየማታው በሩን ቆለፈች፤ እጀታውን ሞከረች፤ ጥቂት ሄድ ብላ ተመለሰች።

«ተቆልፏል እኮ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ» አለችና ቁልፉን አንድ ጊዜ ደግማ አዞረችው።