የረቡዕ ወተት

ዳና ሞቶ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነው። አጠገቡ ወተት የደረቀበት ብርጭቆ አለ። ኢንስፔክተር ራያ ሰበታ ዳር ወዳለችው የፊት ክሬም ፋብሪካ ስትደርስ ግን አስቀድማ የሰማችው ጩኸት ነበር። ሁለት ፖሊሶች ኤቢሴ የምትባለውን አሻጊ ክንዷን ይዘው ወደ መኪና ይጎትታሉ፤ እሷ ደግሞ «ያ ዋቃዮ! ልጄን ማን ያጠባልኛል?» እያለች ታለቅሳለች።

«ምን አድርጋ ነው?» አለች ራያ።

«ወተቱን ያመጣችው እሷ ናት፤ ከራሷ ላሞች የታለበ ነው። ሐኪሙ ጆጉ ውስጥ መርዝ አለ ብሏል። ሌላ ምን ቀረ?»

«ማሰብ ቀረ! በሉ ልቀቋት። ሕፃኑንም አምጡላት። እስከ ማታ ካልደረስኩበት ያኔ ትወስዷታላችሁ።»

ራያ እንዲህ ናት፤ ምላሷ አይቻልም። ውስጧ ግን ተረብሾ ነበር። እስከ ማታ ያለችው ለፖሊሶቹ ይሁን ለራሷ አላወቀችም። ካልተሳካላት ያቺ እናት እስር ቤት ታድራለች፣ የሦስት ወር ልጇ ደግሞ ጎረቤት እጅ ላይ ይቀራል።

እዚያ ፋብሪካ ኬሚካል አካባቢ ለሚውል ሁሉ በየቀኑ ወተት ይሰጣል። መርዝ ያጥባል ይባላላ! ያጥባል አያጥብም ሐኪም ይወቀው፤ ሰዉ ግን አምኖ ይጠጣል። ዳናን የገደለው ይኸው ያድናል የተባለው ወተት መሆኑ ራያን አንገበገባት።

ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየችው። ዳና ከወላይታ የመጣ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ጥፍሮቹ ሳይቀሩ ንጹሕ ናቸው። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ግን ሙጫ የነካው ቁራጭ ወረቀት ተሰግስጓል። ወረቀቱ ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ጫፍ ይታያል።

የፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ ተረፈች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጠዋት የት ነበሩ?» አለቻቸው ራያ።

«አዲስ አበባ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት። አዲሱ ደንብ ወጣ አይደል? ቀድሞ ፊት ማንጫ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪ ጥቂት ከሆነ ዝም ይባል ነበር፤ አሁን ቅንጣት አይፈቀድም። ዳና ነው ‹እትዬ፣ ሳይደርሱብን መጋዘን ያለውን እናስረክብ› ያለኝ። ነገ መጥተው ሊወስዱት ነበር። ወይኔ ልጄን!»

ቀጥላ ቀማሚውን ሽማግሌ ጠራች። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ኢብሳ?»

«ምን ነጋ፣ ምን ሰላም አለ ልጄ።»

«አንቱ ወተቱን አልጠጡም?»

«እኔን ወተት ሆዴን ይነፋኛል፤ ይህን የማያውቅ የለም። የኔን ድርሻ ዳናና የሽያጩ የሺጥላ ናቸው የሚሻሙት። ሁዳዴን ሙሉ ሲሻሙ ነው የከረሙት።»

«ዛሬ ጆጉ አጠገብ ማን ነበር?»

«ኤቢሴ አስቀምጣ ልጇን ልታጠባ ሮጠች። እኔ ቅመማ ክፍል ነበርኩ። ጠረጴዛው መተላለፊያ ላይ ነው፤ ከአምስታችን ማንም ያልፋል።»

የሽያጭ ኃላፊው የሺጥላ ሽቶው ቀድሞት ገባ። «ኢንስፔክተር፣ ሾክ ሆኛለሁ! ዳናኮ ወንድሜ ነበር።»

«አንተ እንዴት ተረፍክ?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ? ጾም ነዋ! ጾሜ አወጣኝ፤ ስሙ ይመስገን» ብሎ አማተበ።

«የዕቃዎቹን ሌብል ማን ያሳትማል?»

«እኔ ነኛ፤ የሽያጭ ሥራ ነው።»

ራያ መጋዘን ገባች። መደርደሪያው እኩሌታው ባዶ ነው። በቀረው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት «የእሬት ክሬም» ተደርድሯል። አንዱን አንስታ ጠርዙን በጥፍሯ ፋቀችው። ቅጠሉ ተላጠ፤ ከሥሩ የድሮው ማንጫ ሌብል ብቅ አለ። «አይ ዳና!» አለች ለብቻዋ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማሸጊያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ኤቢሴ ጥግ ይዛ ልጇን ታጠባለች፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ከኤቢሴ ልጀምር» አለች ራያ። «ከዚሁ ወተት ቤተሰቧ ጠዋት ጠጥቶ ደህና ውሏል። መርዙ የገባው ጆጉ እዚህ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ወይዘሮ ተረፈች አልነበሩም፤ ደግሞስ ክሬሙን ሊያስረክቡ የሄዱት እሳቸው ራሳቸው አይደሉ? ኦቦ ኢብሳ ወተት አይቀምሱም፤ ግን ዛሬ ብቻ ሳይሆን ድሮም አይቀምሱም። ዳና ጥፍር ሥር ያገኘሁት የተላጠ ሌብል ነው። ክልክሉን ክሬም አዲስ ሌብል ለጥፎ የሚያወጣ ሰው እንዳለ ደርሶበታል ማለት ነው። ሌብል የሚያሳትመው ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

«ሌብል ማሳተም ሰው መግደል ነው እንዴ?» አለ የሺጥላ። «ጾም ነበርኩ አልኩሽኮ!»

«አንቺ ብለኸኛል እንግዲህ፣ ጥሩ። ስማ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ግን ጎረቤቶቼ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም ሥጋ ሲቀቅሉ ሽታው ቤቴ ድረስ ይገባል። አሁን ሃምሳው መቼ አለቀ? የሚጾም ሰው የማይጾምበትን ቀን ይስተዋል?»

ወይዘሮ ተረፈች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ውነትሽን ነውኮ! ምነው እስካሁን ልብ ሳልለው!»

«ሁዳዴን ሙሉ ወተት ስትሻማ ከርመህ፣ ጾም በሌለበት ረቡዕ ጾምኩ አልክ። ወተት እምቢ ያልከው መርዝ ባለበት ቀን ብቻ ነው። መርዝ እንዳለበት የሚያውቀው ደግሞ የጨመረው ነው።»

የሺጥላ ወደ በሩ ዞረ፤ ፖሊሱ እጁን ያዘው። «ለምኜዋለሁ!» አለ ድምፁ እየተሰበረ። «ዝም በል አልኩት፤ ዛሬ ለእትዬ እነግራለሁ አለኝ። ምን ላድርግ?»

«የጎደለውስ ክሬም የት ሄደ?»

«ቡራዩና ሱሉልታ… ሱቆች ጋ። ሳያልቅ አይቀርም።»

ወሰዱት። ኦቦ ኢብሳ ኤቢሴን «እሰይ ልጄ፣ ወጣሽ!» አሏት። እሷ ግን አልተነሳችም። ፊቷን በመዳፏ ዳሰሰችና ልጇን ከጡቷ ላይ ቀስ ብላ አላቀቀችው።

«ኢንስፔክተር… ያን ባለ ቅጠሉን ለኔም ሰጥቶኛል። የእሬት ነው ብሎኝ ስቀባው ነው የከረምኩት። መርዙ በጡቴ ወተት ወደ ልጄ ያልፋል?»

ራያ ወይዘሮ ተረፈችን አየቻቸው፤ እሳቸው ኦቦ ኢብሳን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም የሚጠይቁት ዳናን ነበር። ራያ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

«ተነሺ እህቴ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ» አለች። ሕፃኑ ጡቱን ስለተነጠቀ እያለቀሰ ነበር።