ወደ ግራ የተገፋው ማውስ

መሐንዲሱ ቢሮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ወድቆ የጠረጴዛው ጠርዝ መትቶት ነው ተባለ፤ ሐኪሙ ግን ቁስሉን አይቶ «ሰው ነው የመታው» አለ። ወደ ቢሮው ስትገባ የታየችው ረዳቱ ብቻ ስለነበረች ኮንስታብሉ ካቴናውን ፈትቶ ይጠብቃል። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«ቁንጫ» የሚሏት ኢንስፔክተር መጣች። ወይ ስም ማውጣት! ግን እውነታቸውን ነው፤ ይቺ ሴት አንድ ቦታ አርፋ አታውቅም። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ጠረጴዛውን ዞረች፣ እንደገና ዞረች። ከሟቹ ላፕቶፕ አጠገብ ሁለት አንድ ዓይነት ትልልቅ ስክሪኖች ቆመዋል። ላፕቶፑን ከነሱ ጋር የሚያገናኘው ከባድ የብረት ሣጥን፣ ዶክ የሚሉት፣ ከኋላ ተቀምጧል። ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል፤ ዶኩ ግን ያብረቀርቃል።

ማውሱን ያዘች። ስክሪኑ ላይ የምትሄደውን ቀስት ከግራው ወደ ቀኙ ልታሻግር ገፋች፤ ጠርዙ ላይ ተገትራ ቀረች። ወደ ግራ ስትገፋት በቀኙ ስክሪን ብቅ አለች።

«ኧረ ጉድ!» አለች ለኮንስታብሉ። «ቢሮውን የሚያውቁትን አንድ በአንድ አስገባልኝ።»

መጀመሪያ የሟቹ ባለቤት ገባች።

«እትዬ፣ በሐዘንዎ ላይ ማስቸገሬ ነው። ይህን የሕንጻ ፕላን ከግራው ወደ ቀኙ ስክሪን ይውሰዱልኝ።»

ወደ ቀኝ ገፋች፤ እምቢ አላት። «እኔ ምኑን አውቄው!» ብላ አለቀሰች።

ረዳቲቱም ወደ ቀኝ ገፋች፣ ደጋግማ። «ጠዋት አብረን ስንሠራ ደህና ነበር እኮ! እኔ አልነካሁትም፣ እናቴን!»

በመጨረሻ የሟቹ ታናሽ ወንድም ገባ፤ ሕንጻ የሚያሠራ ኮንትራክተር ነው።

«እዚህ ቢሮ ከመጡ ቆዩ?»

«ዓመት ሊሆነኝ ነው። ኮምፒዩተሩንማ ነክቼውም አላውቅ።»

«እስቲ ፕላኑን ወደ ቀኙ ይውሰዱልኝ።»

ሳያመነታ ማውሱን ወደ ግራ ገፋ። ፕላኑ ቀኙ ስክሪን ላይ ቁጭ አለ።

ቁንጫ ያን ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ገዳዩ ዶኩን ነቅሎ መታው። ጠራርጎ ሲመልሰው ግን ተጣድፎ የሁለቱን ስክሪኖች ኬብል አቀያየረ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ግራውን ቀኝ ነው ብሎ ያምናል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ይገፋል። የእርስዎ እጅ ግን ቀድሞ ለምዶታል፤ ከግድያው በኋላ ቁጭ ብለው ሠርተውበታል።»

«ግምት ነው!» አለ ወንድምየው።

«ውሸት ስንቅ ይሆናል እንጂ ቤት አያደርስም።» ዶኩን ገለበጠችው። ኬብል መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ የደረቀ ደም ነበር። «የሚያሠሩትን ሕንጻ ምሰሶዎች በቀጭን ብረት አሠሩ፤ ወንድምዎ ደርሶበት ሊያሳግድዎ ነበር። ገደሉትና ጥፋቱ የሱ እንዲመስል ፕላኑ ላይ ብረቱን አቀጠኑት። የተለወጠው እሱ ከሞተ በኋላ መሆኑን ላፕቶፑ የመዘገበው ሰዓት ይናገራል።»

ረዳቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ እፎይ አለች። የሟቹ ባለቤት ግን ወደ ወንድምየው ተጠጋች።

«ያንን እጅህን ይዞ ፊደል ያስጻፈህ እሱ አልነበር?»

ወንድምየው ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አውጣው» አለው ኮንስታብሉ፣ ካቴናውን ከፍቶ።